ከስሪዲኤስ ማክስ ወደ ብሌንደር፦ የአንድ የደሴ ሕንጻ ፋይል ዝውውር የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ

ከሌላ ሶፍትዌር የመጣ ባለ ሦስት አውታር ፋይል ሲከፈት የተዛባ ሆኖ ከተገኘ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ ፋይሉ ተበላሽቷል፣ እንደገና ላኩልን። ይላካል፤ እንደገና ይዛባል። ከዚያ ሌላ የፋይል ዓይነት ይሞከራል፤ ቀጥሎም ሌላ። በዚህ መሐል የደንበኛው ቀጠሮ ያልፋል። እዚህ የተመዘገበው ጉዳይም መጀመሪያ ላይ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። መጻፍ ያስፈለገው ግን ብልሽቱ መልክ ስለነበረው ነው። ሕንጻው ወደ ላይ ሲለካ ትክክል ነበር፤ ወደ ጎን ሲለካ የተሳሳተ ነበር፤ በሰሜን በኩል ያለው ስሕተት ደግሞ በምሥራቅ በኩል ካለው እጥፍ ነበር። እንዲህ ያለ ብልሽት በአጋጣሚ አይመጣም።

ሥራው የተሠራው ደሴ ውስጥ ባለ አነስተኛ የሕንጻ ምስል ማዘጋጃ ክፍል ነው። የሰዎችና የድርጅቶች ስም አልተጠቀሰም፤ የቦታ መለኪያ ቁጥሮቹም ተጠጋግተው ቀርበዋል።

የኋላ ታሪክ

የሕንጻው ባለቤት በወጣትነታቸው ግንበኛ የነበሩ፣ አሁን የግንባታ ዕቃ ነጋዴ የሆኑ ሰው ናቸው። ሁሉም ሐጂ ብሎ ስለሚጠራቸው እዚህም እንደዚያው እንላቸዋለን። ሊያሠሩ ያሰቡት ከታች ሱቆች፣ ከላይ ቢሮዎችና መኖሪያ ያሉት ቅይጥ ሕንጻ ነው። ዲዛይኑን የሠራው አዲስ አበባ ያለ የአርክቴክቸር ቢሮ ሲሆን የሕንጻውን ምስል ያዘጋጀው የቢሮው ባለሙያ የተጠቀመው ስሪዲኤስ ማክስ (ባጭሩ ማክስ) በተባለው ባለ ሦስት አውታር መሥሪያ ሶፍትዌርና ቪሬይ በተባለው የምስል ማውጫ፣ ማለትም ከሞዴሉ የተጠናቀቀ ምስል በሚያወጣ ሶፍትዌር ነበር። ባለሙያው ሥራውን ሳይጨርስ ከአገር ወጣ። ሐጂም ቀሪውን ሥራ በቅርባቸው ለሚያገኙት ለእኛ ክፍል ሰጡ። የሚፈልጉት ለባንክ ብድር ጥያቄ የሚያያዙ ምስሎች፣ እንዲሁም ሱቅ ለሚከራዩ ሰዎች በስልክ የሚያሳዩት ሞዴል ነው።

ክፍሉ የሚሠራው በብሌንደር ነው። ብሌንደር ከ2002 ጀምሮ ምንጩ ክፍት የሆነ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ስሪዲኤስ ማክስ በየጊዜው በውጭ ምንዛሬ የሚታደስ ኪራይ ይጠይቃል፤ የውጭ ምንዛሬ ካርድ ለሌለው የክፍለ ሀገር ባለሙያ ይህ ከዋጋውም በላይ መሰናክል ነው። ስለዚህ የፋይል ዝውውር ለእኛ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ የሚሠራ ማንኛውም የሙያ ባልደረባ ይህን ያውቃል፤ ዲዛይኑ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ፋይሉም ዲዛይነሩ በመረጠው ሶፍትዌር ተዘግቶ ይመጣል።

የደሴ መሬትም በጉዳዩ ውስጥ ድርሻ አለው። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተሠራች ናት። የሐጂ ሕንጻ ከአስፋልቱ በኩል ሲታይ አምስት ወለል ነው፤ ከኋላ በኩል መሬቱ ስለሚወርድ ሰባት ይሆናል። ከኋላ የሚታዩት ሁለቱ ወለሎች ሐጂ ሱቅ አድርገው ሊያከራዩ ያሰቧቸው ስለሆኑ መሬቱ በግምት ቢሳል ምስሉ ዋጋ አይኖረውም። የቀድሞው ባለሙያም ይህን አውቆ ቀያሹ አውቶካድ በተባለው የንድፍ ሶፍትዌር የሠራውን ፋይል በቀጥታ አስገብቶ ሕንጻውን በትክክለኛው ቦታው ላይ አስቀምጦታል። አሳቡ ጥሩ ነበር፤ ችግሩም የተወለደው ከዚያው ነው።

ፋይሉ ውስጥ ምን ነበረ

አንድ የስሪዲ (ባለ ሦስት አውታር) ትዕይንት ሲባል አንድ ነገር ይመስላል። በውስጡ ግን ጠባያቸው የማይገናኝ ነገሮች አሉ። የዕቃው ቅርጽ አለ፤ ይህ የነጥቦችና የገጾች ዝርዝር ነው። የዕቃው አቀማመጥ አለ፤ የት ቆሟል፣ ወዴት ዞሯል፣ ከየትኛው ዕቃ ጋር ተያይዟል የሚለው። ማቴሪያሉ አለ፤ ድንጋዩ፣ መስታወቱ፣ ቀለሙ። በመጨረሻም ሶፍትዌሩ ብቻ የሚያውቃቸው ትእዛዞች አሉ፦ ይህን ዛፍ በዚህ መስክ ላይ በትን፣ ይህን ግድግዳ በዚህ ልክ እጠፍ የሚሉ ዓይነት። የመጀመሪያው በአብዛኞቹ የፋይል ዓይነቶች ይሻገራል። ሁለተኛው በአንዳንዶቹ ይሻገራል። ሦስተኛው ተቆራርጦ ይደርሳል። አራተኛው አይሻገርም፤ ቢበዛ ውጤቱ ብቻ ደርቆ ይመጣል።

የማክስን የራሱን ፋይል ብሌንደር አይከፍተውም። ዋናው ፋይልና የማቴሪያል ምስሎቹ በፍላሽ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልከውልን ነበር፤ ግን መክፈቻው በእጃችን የለም። ስለዚህ ስምምነቱ እዚያው ቢሮ ያለች ተለማማጅ አርክቴክት ፋይሉን ከፍታ ወደ ሌላ ዓይነት እየቀየረች በቴሌግራም እንድትልክልን ሆነ። ልጅቷ ትጉህ ነበረች፤ የስሪዲ ሥራ ግን የሙያ ዘርፏ አልነበረም። ይህን መጥቀስ የሚያስፈልገው ቀጥሎ የመጡት መመሪያዎች ሁሉ በስልክና በጽሑፍ ለሌላ ሰው መነገር የነበረባቸው ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው ዝውውር፦ ባዶ ማያ

መጀመሪያ የመጣው ኤፍቢኤክስ ነበር። ይህ የፋይል ዓይነት ካይዳራ የተባለ ኩባንያ ፊልምቦክስ ለሚባል ሶፍትዌሩ የሠራው ሲሆን ከ2006 ጀምሮ የማክስ ባለቤት የሆነው የአውቶዴስክ ንብረት ነው። ዝርዝር አሠራሩ በይፋ ስላልታተመ የብሌንደር ሠሪዎች የሚያነቡት ራሳቸው መርምረው በደረሱበት ልክ ነው። እንዲያም ሆኖ የዕቃዎችን ግንኙነት፣ መነሻ ነጥብና መለኪያ ይዞ ስለሚሻገር ከማክስ ለሚመጣ ሥራ የተለመደው መንገድ እሱ ነው።

ፋይሉ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ገባ። በማያው ላይ ግን ምንም አልታየም። የዕቃዎቹ ስም በጎን ባለው ዝርዝር ተደርድሯል፤ ትዕይንቱ ባዶ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚደረገው ሁሉንም ዕቃ ወደ እይታ የሚያመጣውን ቁልፍ መጫን ነው። ሲጫን ሕንጻው ተገኘ፤ ከትዕይንቱ ዜሮ ነጥብ፣ ማለትም ልኬቱ ሁሉ ከሚጀምርበት ቦታ፣ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ። የብሌንደር እይታ ሳይነካ ሲተው ከ1,000 ሜትር በላይ ያለውን አያሳይም፤ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው።

ሲቀርቡት ደግሞ ሌላ ጉድ ታየ። እይታውን ባዞሩት ቁጥር መስመሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። አንዳንዱ የመስኮት መስታወት ከፍሬሙ ወጥቶ ቆሟል። ግድግዳው ውስጥ የገባ በርም ነበር። በክፍሉ የነበረው የመጀመሪያ ግምት ኤፍቢኤክሱ በመንገድ ላይ ተበላሽቷል የሚል ነበር።

ሁለተኛው ዝውውር፦ ሐጂ ያዩት ደረጃ

ኤፍቢኤክስ ሲያስቸግር ብዙ ባለሙያ የሚሸሸው ወደ ኦቢጄ ነው። ኦቢጄ ዌቭፍሮንት ከተባለ ኩባንያ የመጣ፣ በተራ ጽሑፍ የሚጻፍ፣ ማንኛውም ሶፍትዌር የሚያነበው የቆየ ዓይነት ነው። ቀላልነቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የመለኪያ አሐድ አይመዘግብም፤ 210 የሚል ቁጥር ሜትር ይሁን ሴንቲ ሜትር አይናገርም። የዕቃውን የራሱን መነሻ ነጥብም አያውቅም፤ እያንዳንዱን ነጥብ ከትዕይንቱ ዜሮ ያለውን ሙሉ ርቀት አስልቶ ይጽፈዋል።

ኦቢጄው ሲገባ በሩ 210 ሜትር ሆነ። ይህ አያስደነግጥም። የማክሱ ትዕይንት በሴንቲ ሜትር የተሠራ ነው፤ ብሌንደር ቁጥሩን ሜትር አድርጎ አነበበው። መቶ እጥፍ ማሳነስ ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ ልማድ መጥቀስ ይገባል፤ እርግጠኛ የሆንንበትን አንድ ዕቃ፣ ለምሳሌ ባለ 2.10 ሜትር በር፣ ለክቶ የመጣውን ቁጥር በሚጠበቀው ማካፈል። ውጤቱ 100 ከሆነ ሴንቲ ሜትር ሜትር ተብሏል፤ 1,000 ከሆነ ሚሊ ሜትር ነው፤ 2.54 ከሆነ ኢንችና ሴንቲ ሜትር ተምታተዋል፤ 3.28 ከሆነ ጫማ አለበት። ማክስ ካልተነገረው የሚሠራው በኢንች ስለሆነ 2.54 በሥራችን ብዙ ጊዜ የምናገኘው ቁጥር ነው።

ከተስተካከለ በኋላ ሕንጻው ከሩቅ ሙሉ መሰለ። ቀጠሮ ስለነበር የመጀመሪያ ረቂቅ ምስል ወጣና ለሐጂ ቀረበ። ሐጂ ፊት ለፊቱን አልፈው ከአስፋልቱ ወደ ታችኛው ሱቅ በሚወርደው የውጭ ደረጃ ላይ ዓይናቸውን ተከሉ። “ልጄ፣ ይህ ደረጃ እኩል አይደለም፤ ሰው ይጥላል” አሏት ምስሉን ለሠራችው ባለሙያ። “እኔ እንዲህ ያለ ደረጃ ሠርቼ ቢሆን አሠሪዬ አፍርሶ ያሠራኝ ነበር።”

ሲለካ እውነታቸው ነው። በዲዛይኑ እያንዳንዱ መርገጫ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አለው። በመጣው ፋይል ውስጥ አንዱ 24፣ ሌላው 32 ሆኗል። የእያንዳንዱ ደረጃ ከፍታ ግን እንደ ዲዛይኑ ነው፤ አንዱም አልተዛባም። ከዚያ በኋላ መስኮቶቹ ተለኩ። 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ቋሚ የአሉሚኒየም ፍሬሞች አንዳንዶቹ 8 ሆነዋል፤ አንዳንዶቹ ሁለት ጎናቸው አንድ ቦታ ላይ ተደፍቶ ውፍረታቸው ዜሮ ሆኗል። በሕንጻው ሌላ ጎን ያሉት ደግሞ 4 ወይም 8 ናቸው። 24፣ 32፣ 8፣ ዜሮ፤ ሁሉም የስምንት ብዜት ነው። በሌላኛው ጎን ሁሉም የአራት። ፋይል በመንገድ ሲበላሽ እንዲህ ተቆጥሮ አይበላሽም።

መንስኤው

ቀያሹ የሠራው ዩቲኤም በሚባለው የካርታ ሥርዓት ነው። ወሎ ያለው በዞን 37 ውስጥ ነው። በዚህ ሥርዓት የሰሜን ቁጥር የሚቆጠረው ከምድር ወገብ ነው፤ ደሴ ላይ 1,231,000 ሜትር ገደማ ይሆናል። የምሥራቅ ቁጥሩ ደግሞ የዞኑን መካከለኛ መስመር 500,000 ብሎ ስለሚጀምር ደሴ ላይ 569,000 ገደማ ነው። በሴንቲ ሜትር ሲጻፉ የመጀመሪያው 123,100,000፣ ሁለተኛው 56,900,000 ይሆናሉ።

ማክስም ሆነ ብሌንደር የነጥቦችን ቦታ የሚይዙት በ32 ቢት ቁጥር ነው። ከዚህ ውስጥ ለአኃዞቹ የሚውለው 24 ቢት ነው፤ በአስርዮሽ ሰባት አኃዝ ገደማ ማለት ነው። ዘጠኝ አኃዝ ያለው ቁጥር በሰባት አኃዝ ቦታ ሲገባ የመጨረሻዎቹ ይቆረጣሉ። በሁለት ርቢ ሲሰላ ልኩ ይታወቃል፦ ከ67,108,864 እስከ 134,217,728 ባለው ክልል ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች በ8 ይራራቃሉ፤ ከዚያ በታች ባለው፣ ከ33,554,432 ጀምሮ፣ በ4 ይራራቃሉ። ስለዚህ ደሴ ላይ በሴንቲ ሜትር የሚሠራ ትዕይንት ወደ ሰሜን ያለው ማስመሪያ በየ8 ሴንቲ ሜትሩ ብቻ የተሰመረ ነው፤ ወደ ምሥራቅ በየ4። በመካከል ያለ ነጥብ ሁሉ ወደ ቅርቡ መስመር ይጎተታል። የከፍታው ቁጥር ግን ትንሽ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,480 ሜትር ገደማ ሲሆን በሴንቲ ሜትር 248,000 ነው፤ በዚህ ክልል ያለው ክፍተት ከሴንቲ ሜትር ሃምሳኛ እጅ ያነሰ ነው። የደረጃዎቹ ከፍታ ትክክል፣ መርገጫቸው ስሕተት የሆነው ለዚህ ነው።

ይህ የደሴ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልዲያ፣ ላሊበላ ሁሉም በዚሁ የቁጥር ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። በሴንቲ ሜትር ፋንታ በሜትር ቢሠራም አያድንም፤ ቁጥሩ ሲያንስ ክፍተቱም አብሮ ያንሳል እንጂ በእውነተኛው ርዝመት ሲሰላ ወደ ሰሜን 12.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይባስ ብሎ።

የሚቀረው ጥያቄ በማክስ ውስጥ ለምን አልታየም የሚለው ነው። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ መነሻ ነጥብ አለው፤ የበሩ ነጥቦች የሚለኩት ከበሩ መነሻ ነው፤ ቁጥሮቹም ትናንሽ ናቸው። የቀድሞው ባለሙያ ደግሞ ሕንጻውን በሙሉ ዜሮ አጠገብ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ከአንድ ረዳት ነጥብ ጋር አሠረው፤ ያንን ነጥብ ብቻ ወስዶ በቀያሹ ቦታ ተከለው። ትልቁን ቁጥር የተሸከመው ረዳት ነጥቡ ብቻ ነው። ወደ ኤፍቢኤክስ ሲቀየር ግን የሚታዩት ዕቃዎች ብቻ ስለተመረጡ ረዳት ነጥቡ ቀረ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ትልቁን ቁጥር በራሱ ተሸክሞ ቦታው ተጠጋጋ። ኦቢጄ ደግሞ ከዚያም አልፎ እያንዳንዱን ነጥብ አጠጋጋ። በመጀመሪያው መስኮቶች ከግድግዳ ተላቀቁ፤ በሁለተኛው መስኮቱ ራሱ ተሰበረ።

የተወሰደው እርምጃ

መጀመሪያ የተሞከረው በእጅ ያለውን ኦቢጄ መጠገን ነበር። የተጠጋጉ ነጥቦችን የሚያዋህደው የብሌንደር ትእዛዝ ተሠራበት፤ የተረፉትን ቀጫጭን ፍሬሞች ጨርሶ በላቸው። ሞዴሉን ወደ ዜሮ መሳብም ምንም አልመለሰም። አንዴ የተቆረጠ አኃዝ ቁጥሩ ሲያንስ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ሁለቱም ፋይሎች ተጣሉና ሥራው ወደ ምንጩ ተመለሰ።

ከቀያሹ ጋር በስልክ ተነጋግረን በአስፋልቱ ጥግ ያለው የቅየሳ ችካል መነሻ እንዲሆን ተመረጠ። ከችካሉ ቁጥሮች የሚቀነስ ክብ ቁጥር ተወሰነ፦ ከምሥራቅ 569,000፣ ከሰሜን 1,231,000፣ ከከፍታ 2,480 ሜትር። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች በወረቀት ተጽፈው በክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ፤ ለአርክቴክቱም ለቀያሹም ተላኩ። ከኮምፒውተር ይልቅ ወረቀት የተመረጠው መብራት ሲሄድም ስለሚነበብ ነው።

ለተለማማጇ የተላከው መመሪያ አጭር ነበር። ረዳት ነጥቡን ምረጪ፤ ቦታውን ከቀያሹ ቁጥር ወደ ተቀነሰው ቁጥር ለውጪ፤ ሌላ ምንም አታንቀሳቅሺ። ሕንጻው በአንድ እርምጃ ተመለሰ፤ ወደ ትንሹ ቁጥር ሲመጣ ውስጣዊ ልኩ አንድ ሚሊ ሜትር አልጎደለም። ከአገር የወጣው ባለሙያ ሁሉንም ከአንድ ነጥብ ጋር ማሠሩ ሥራውን አዳነው። ይህን ሳያደርግ እያንዳንዱን ዕቃ ለየብቻ አንቀሳቅሶ ቢሆን ኖሮ ሕንጻውን ከአርክቴክቱ ፕላን እንደ አዲስ መሥራት ግድ ነበር።

መሬቱ ግን እንዲህ አልተረፈም። ቀጥታ ከአውቶካድ የገባ ስለሆነ ነጥቦቹ ማክስ ውስጥ ገና ሲገቡ ተጠጋግተዋል። አውቶካድ ራሱ በ64 ቢት ስለሚሠራ በቀያሹ እጅ ያለው ፋይል ሙሉ ነው፤ ቅነሳው እዚያው ተሠርቶ መሬቱ እንደገና ወጣ። ደጋፊ ግንቡ ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘጋው ያኔ ነው።

ከመጨረሻው ዝውውር በፊት ሁለት ምስክር ዕቃዎች በትዕይንቱ ውስጥ ተጨመሩ፦ በችካሉ ላይ የቆመ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሳጥን፣ ከሱ ወደ ሰሜን የተዘረጋ ዘንግ። ፋይሉ ሲገባ መጀመሪያ የሚታዩት እነዚህ ናቸው። ሳጥኑ አንድ ሜትር ከሆነ መለኪያው ተሻግሯል። ዘንጉ ወደ ሰሜን ካመለከተ አቅጣጫው ደህና ነው። ወደ ላይ ከቆመ ደግሞ የላይ አቅጣጫን የሚወክለው ፊደል ተምታቷል ማለት ነው፤ ማክስና ብሌንደር ላይን በዜድ ሲያመለክቱ ማያ (Maya) የተባለው ሶፍትዌርና ብዙ የዝውውር ፋይሎች በዋይ ያመለክታሉ። ሁለተኛው ኤፍቢኤክስ ሲመጣ ሳጥኑም ዘንጉም በቦታቸው ነበሩ።

አንድ ጎን ላይ ያሉ መስኮቶች ግን ጥቁር ሆነው መጡ። የቀድሞው ባለሙያ የሕንጻውን ግማሽ ሠርቶ ሌላውን እንደ መስታወት ገልብጦታል፤ ሲገለበጥ የገጾቹ ፊት ወደ ውስጥ ዞረ። ማክስ ውስጥ ሪሴት ኤክስፎርም የሚባለው ትእዛዝ ይህን ያጠራል፤ ተለማማጇ ለሁለተኛ ጊዜ ስትልክ ተጠራ።

ማቴሪያሎቹ

ቅርጹ ከተስተካከለ በኋላ የመጣው ሥራ ረዘም ያለና አሰልቺ ነው፤ ግን ምስጢር የለበትም። የቪሬይ ማቴሪያል ለቪሬይ ብቻ የተጻፈ ነው። ኤፍቢኤክስ ከሱ ውስጥ መሠረታዊ ቀለምና አንዳንድ ምስል ብቻ ይዞ ተሻገረ። በሕንጻው የታችኛው ግድግዳ ላይ የነበረው ጥቁር ድንጋይ አንዱ ድንጋይ ሙሉ ወለል የሚሸፍን ሆነ። የድግግሞሹ ቁጥር የተጻፈው በማቴሪያሉ ውስጥ ነበር፤ ማቴሪያሉ ሲቀር አብሮ ቀረ። ብሌንደር ውስጥ የድንጋዩ ምስል ሁለት ሜትር ስፋት እንዲሸፍን ተደርጎ እንደገና ተሰጠው። ሐጂ በዚህም አልተታለሉም፤ ድንጋዩ በማዕዘኑ ላይ እንዴት እንደሚታሠር ነግረው አስተካከሉን።

ቪሬይ ብዙውን ጊዜ የሚለካው የገጽን ልስላሴ ነው፤ ብሌንደር ሻካራነትን ይለካል። ስለዚህ 0.8 የነበረው ልስላሴ 0.2 ሻካራነት ሆኖ ይገባል። ይህን ሳይገለብጡ ያስገቡ እንደሆነ የተወለወለው እብነ በረድ እንደ ሲሚንቶ ይደነዝዛል፣ ሲሚንቶው ያብረቀርቃል።

የምስሎቹ ስም ሌላ ጣጣ ነበረው። የቀድሞው ባለሙያ አንዳንዶቹን በአማርኛ ሰይሟቸዋል። ኢትዮጵያዊው ፊደል ከ1999 ጀምሮ የዓለም ፊደላት ኮድ በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ ኮምፒውተሩም ያነበዋል። ግን ከኦቢጄ ጋር አብሮ የሚጻፈው የማቴሪያል ፋይል በየትኛው የፊደል ኮድ እንደሚጻፍ አይናገርም፤ ስሞቹ የጥያቄ ምልክት ድርድር ሆነው መጥተዋል። ጥፋቱ የፊደላችን አይደለም። ሶፍትዌሩ እስኪታረም ግን ለዝውውር የሚወጣ ምስል በላቲን ፊደልና በቁጥር፣ ያለ ክፍት ቦታ ቢሰየም ይሻላል፤ የአማርኛው ስም በተጓዳኝ ዝርዝር ይቀመጥ።

ያልተሻገረው

ዛፎቹና ሣሩ አልመጡም። በማክስ ውስጥ የነበሩት ከውጭ ፋይል የሚጠሩ ምትክ ምልክቶች ስለሆኑ በኛ ዘንድ ባዶ ሳጥኖች ሆነው ታዩ። ለመመለስ አልሞከርንም። ረቂቁ ላይ የነበሩት ዛፎች ቅጠላቸው የሚቀላ የቀዝቃዛ አገር ዛፎች ነበሩ፤ በምትካቸው ጽድ፣ ወይራና ከኋላ ባለው ተዳፋት ላይ ባሕር ዛፍ ተተከለ። አንዳንድ ነገር ባይሻገር ይሻላል።

ብርሃኑም እንዲሁ ተተወ። የቪሬይ ፀሐይ ተጥላ በብሌንደር የሰማይ ብርሃን በደሴ ኬክሮስ፣ 11 ዲግሪ ገደማ፣ ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ተደረገ። ካሜራዎቹ ተሻግረዋል፤ የምስሉ ክፈፍ ትንሽ ስለተለወጠ በእጅ ታርሟል።

ለስልክ የሚሆነው ሞዴል በጂኤልቲኤፍ ወጣ። ይህ ክሮኖስ የተባለው የኢንዱስትሪ ማኅበር የሚያስተዳድረው ዓይነት ሲሆን ሁለተኛው ስሪቱ በ2017 ወጥቷል። ሜትርን እንደ አሐድ በግልጽ ይደነግጋል፤ ማቴሪያሉንም ብዙ ሶፍትዌሮች በሚረዱት መልክ ይዞ ይሄዳል። ከመጀመሪያው ለምን በሱ አልተሠራም ሊባል ይችላል። ቅርጹን በሙሉ ወደ ሦስት ማዕዘን ስለሚሰብረው በኋላ ማረም ለሚፈልግ ሰው አይመችም፤ ቁጥሩም 32 ቢት ስለሆነ ከሩቅ ቦታ ችግር አያድንም። ለማሳየት እንጂ ለመሥራት አልተመረጠም።

ለሌላ ሥራ የሚተላለፈው

ከዚህ ጉዳይ በኋላ በክፍሉ የተለወጠው የምርመራው ቅደም ተከተል ነው። ድሮ ፋይል ሲዛባ መጀመሪያ የሚቀየረው የፋይሉ ዓይነት ነበር። አሁን መጀመሪያ የሚደረገው መለካት ነው፤ በር፣ ደረጃ፣ የፍሬም ውፍረት፣ በሦስቱም አቅጣጫ። ስሕተቱ በሁሉም በኩል እኩል ከሆነ የመለኪያ አሐድ ነው። በሁለት አቅጣጫ ብቻ ከሆነና ልኮቹ የአንድ ቁጥር ብዜት ከሆኑ የዜሮው ርቀት ነው። ልኩ ትክክል ሆኖ ገጹ ጥቁር ከሆነ ግልባጭ ነው። ዕቃው ጨርሶ ከሌለ ሶፍትዌሩ ብቻ የሚያውቀው ትእዛዝ ነበር ማለት ነው፤ እሱን መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ሌላው የሚመለከተው አርክቴክቶችንና ቀያሾችን ነው። የቅየሳ ቁጥር በቅየሳ ፋይል ውስጥ ይኑር። ለምስል በሚሠራ ትዕይንት ውስጥ ግን ዜሮው በሕንጻው አጠገብ መሆን አለበት፤ የተቀነሰው ቁጥር ተጽፎ እስከተቀመጠ ድረስ ወደ ካርታው መመለስ አንድ መደመር ነው። ይህ ጥንቃቄ በቅየሳ ሙያ አዲስ ነገር አይደለም፤ ወደ ስሪዲ ክፍሎች ግን ገና አልዘለቀም።

ከምስሎቹ ርክክብ በኋላ አርክቴክቱ የታችኛውን ወለል የሱቅ ክፍፍል ለወጠው። የተለወጠው ወለል ብቻ በዚያው ዜሮ ወጥቶ ተላከ፤ ሳጥኑ በሳጥኑ ላይ ተቀመጠ፤ ግድግዳዎቹም በቦታቸው አረፉ። ማቴሪያሎቹ ግን እንደገና በእጅ ተሰጡ።

አሁን ክፍሉ ከሌላ ሶፍትዌር ለሚመጣ ሥራ ዋጋ ከመስጠቱ በፊት አጭር የጥያቄ ወረቀት ይልካል። በየትኛው ሶፍትዌርና ስሪት እንደተሠራ፣ በምን አሐድ እንደተለካ፣ ዜሮው የት እንዳለ፣ ማቴሪያሎቹ የየትኛው ምስል ማውጫ እንደሆኑ፣ የማቴሪያል ምስሎቹ በማን እጅ እንዳሉ ይጠይቃል። የዝውውሩ ሥራም ከምስል ሥራው ተለይቶ በራሱ መስመር ይሰላል። ከጥያቄዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሳይሞላ የሚመለሰው ዜሮው የት አለ የሚለው ነው፤ እሱ ባዶ ሆኖ ሲመጣ የዝውውሩን ዋጋ አንጽፍም፤ መጀመሪያ ለቀያሹ ስልክ ይደወላል።